ለወዳጅ መኪና በራስ ስም ኢንሹራንስ ስለ መግባት



ወዳጅ ለወዳጁ የሚያደርገው ርዳታ ብዙ ዓይነት ነው። ያዘነ እንደ ሆነ ያጽናኑታል፤ የታመመ እንደ ሆነ ይጠይቁታል፤ የቸገረው እንደ ሆነ ያበድሩታል፤ በዳኛ ፊት የቆመ እንደ ሆነ ዋስ ይሆኑታል። ይህ ሁሉ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ስለ ሆነ የሚነቅፈው ሰው የለም። ነገር ግን በዘመናችን ርዳታ የሚመስል፥ ፍሬው ግን ለሰጪውም ለተቀባዩም መራራ የሆነ አንድ ልማድ ገብቷል። ይኸውም የወዳጅን መኪና የራስ መኪና አስመስሎ በራስ ስም ኢንሹራንስ መግባት ነው።

ይህን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን ወይም ከመጽሐፍ ቀድተን አይደለም። በራሳችን ላይ ደርሶ፥ ከቤታችን ገንዘብ ከፍለንበት፥ ከገንዘቡም ይልቅ የሃያ ዓመት ወዳጅነት አጉድለንበት ነው። ነገሩን ስንናገር የራሳችንን ጥፋት ቀድመን ማመን ይገባናልና ከዚያው እንጀምራለን።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን በሚገዙበት ዘመን ወደ ሂርማታ ገበያ የሚመጣው ነጋዴ ዕቃውን የሚያጓጉዘው በበቅሎና በአህያ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው በቅሎውን ለወዳጁ ቢያውስ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው በቅሎዪቱ ገደል ገብታ እንዳትሞትበት ነበር። በቅሎዪቱ ከሞተች ባለቤቷ ያዝናል፤ ወዳጁም ያፍራል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። መኪና ግን እንዲህ አይደለም። መኪና በሊብሬው ላይ ስሙ የተጻፈውን ሰው፥ እርሱ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንኳ፥ ካላየው መንገድና ካላወቀው ሾፌር የተነሣ ባለዕዳ ሊያደርገው ይችላል።

እኛ ለመንግሥት ሥራ ወደ ጅማ ከመጣን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አጋሮም ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ትገኛለች። ወደዚህ አገር በመጣን ጊዜ አስቀድሞ ቤቱን ከፍቶ የተቀበለን በአጋሮ የሚኖር አንድ የቡና ነጋዴ ነበር። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ከእኛ በዕድሜ ጥቂት ስለሚያንስ ጋሼ እያለ ይጠራናል። ልጆቻችን በታመሙ ጊዜ በሌሊት የመጣ፥ አባታችንም በሞቱ ጊዜ ሥራውን ዘግቶ እስከ ትውልድ አገራችን ድረስ የተከተለን ሰው ነው። ስለዚህ ክፉ ሰው አታሎን ነበር ብለን የምናመካኝበት ምክንያት የለንም።

በ2011 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ መኪናችንን ለዚህ ወዳጃችን በ620,000 ብር ሸጥንለት። ዋጋውንም በሁለት ጊዜ አጠናቆ ከፈለን። ስመ ሀብቱን ለማዛወር ግን ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ ስላለበት፥ «ጋሼ፥ ያለኝ ገንዘብ ሁሉ ለቡና መግዣ ወጥቷል፤ የዘንድሮውን ቡና ሸጬ በጥር አዛውረዋለሁ፤ እስከዚያው በውክልና ልያዘው» አለን። እኛም እሺ ብለን ውክልናውን ፈረምንለት። በአገራችን መኪና በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፥ የገዛው ሰው ሌላ፥ በሊብሬው የተጻፈው ሰው ሌላ ሆኖ ብዙ ዓመት መቆየቱ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ነውር የሠራን አልመሰለንም።

የቡናን አገር የሚያውቅ ሰው የጥቅምትን ወር ያውቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በጎማ፥ በማና፥ በጌራና በሊሙ ቡናው ይቀላል። ቀዩ እሸት ሳያድር ወደ ማጠቢያ መድረስ አለበት፤ በአልጋ ላይ የደረቀው ጀንፈልም ወደ መፈልፈያ ይጓዛል። በዚህ ጊዜ መኪና ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም፤ የሌለውም ይከራያል። የመኪናችንም ኢንሹራንስ የሚያልቀው በዚሁ በጥቅምት ነበር።

ወዳጃችን ከሊሙ ስልክ ደወለና እንዲህ አለን፤ «ጋሼ፥ ኢንሹራንሱ ሊያልቅ ነው። በእኔ ስም ልግባ ብል ሊብሬው በእርስዎ ስም ነውና ጣጣ አለው። ደግሞ እርስዎ ብዙ ዓመት ያለ አደጋ ስለ ቆዩ ቅናሽ ይደረግልዎታል። በእርስዎ ስም ቢታደስ አረቦኑን እኔ እልካለሁ።» ቅናሹን ብናሰላው ሦስት ሺሕ ብር አይሞላም ነበር። ለዚህች ገንዘብና ለአንድ ቀን ድካም ስንል እሺ አልን።

ባለቤታችን ቡና እያፈላች ነገሩን ሁሉ ሰምታ ነበር። ስልኩን ስንዘጋ ሲኒውን አቀረበችልንና፥ «የሸጡትን መኪና እንደ ገና የእኔ ነው ብለው ሊፈርሙ ነውን? ገንዘብ ከቸገረው ያበድሩት፤ ቢጠፋ የሚጠፋው ገንዘቡ ነው። ስምዎን ያበደሩት እንደ ሆነ ግን መቼ እንደሚመለስልዎ በምን ያውቃሉ?» አለችን። እኛም፥ «ሴት የወንዶችን ወዳጅነት አታውቅም» ብለን ሳቅን። ዛሬ ይህን ቃል ስናስታውስ እናፍራለን።

በማግስቱ ወደ ኢንሹራንሱ መሥሪያ ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ የሰጠችን ወረቀት ብዙ ጥያቄ ነበረበት። የመኪናው ባለቤት ማን ነው? እኛ አልን። ለምን አገልግሎት ይውላል? ለግል አልን። የሚነዳው ማን ነው? እኛው አልን። አንባቢዎች ሆይ፥ እኛ በመሥሪያ ቤታችን ሐሰተኛ ቃል ይዞ የቀረበውን ባለጉዳይ የምንገሥጽ፥ በየቀኑም በሌላው ወረቀት ላይ «ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል» ብለን የምንፈርም ሰዎች ነን። በዚያን ቀን ግን ሦስት ጊዜ እውነት ያልሆነ ቃል ጽፈን፥ ከታች ፈርመን፥ በደስታ ወደ ሥራችን ተመለስን። ሐሰት ለወዳጅ ሲነገር ሐሰት መሆኑ ለተናጋሪው አይታየውም።

በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ አንድ ምሽት እራት ቀርቦ ሳለ ስልክ ተደወለልን። የደወለው የትራፊክ ፖሊስ ነበር። «ታርጋው ይህ የሆነ ፒክአፕ የእርስዎ ነውን?» አለን። «የእኔ ነበር፤ ነገር ግን ሸጬዋለሁ» አልን። «በሊብሬው ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው፤ በኢንሹራንሱም ላይ ያለው የእርስዎ ነው። መኪናው ሰው ገጭቷልና ይምጡ» ብሎ ዘጋው።

ሁኔታው እንዲህ ነበር። መኪናውን ይነዳ የነበረው የወዳጃችን የእኅቱ ልጅ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ወሩ ነበር። ወዳጃችን ለሌላ ነጋዴ በኪራይ ጀንፈል እንዲያደርስ ልኮት፥ አሥራ አራት ጆንያ ጭኖ ከአጋሮ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ሲመጣ፥ በአንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን አልቻለውም። ከፊቱ ይሄድ የነበረውን ባጃጅ ገጭቶ ከመንገድ አወጣው፤ እርሱም ቦይ ውስጥ ገባ። ልጁ ሳይጎዳ ወጣ። የባጃጁ ነጂ ግን ገና ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር፤ ቀኝ እግሩ ከሁለት ቦታ ተሰበረ።

በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ሄድን። የወጣቱን እናት በኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣችንና፥ «ጌታዬ፥ ልጄን የገጨው መኪና የእርስዎ ነው አሉኝ» አለችን። ቀጥላም ባጃጁን ልጇ የገዛው በዕቁብ መሆኑን፥ ዕጣው የወጣለት በመስከረም መሆኑን፥ የቀረውንም ገና እየከፈለ መሆኑን ነገረችን። ለዚህች ሴት ስለ ውክልናና ስለ ስመ ሀብት ብንነግራት ምን ይጠቅማታል? «አዎን፥ በእኔ ስም ነው» ብለን ዝም አልን። በሕይወታችን ብዙ ከባድ ቃል ተናግረናል፤ የዚያችን ሌሊት ቃል ያህል የከበደን ግን የለም።

በማግስቱ ለኢንሹራንሱ አስታወቅን። መርማሪ ተላከ። መርማሪው ሰው አዋቂ ነበርና ብዙ አልደከመም፤ ጆንያዎቹን ቆጠረ፥ የነጂውን መንጃ ፈቃድ አየ፥ ውክልናውንና የሽያጩን ውል ጠየቀ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመጣልን ደብዳቤ አጭር ነበር። መኪናው ለግል ተብሎ በኪራይ ጭነት ላይ ውሏል፤ ነጂው በወረቀቱ ላይ ከተነገረው ሰው ሌላ ነው፤ ውሉን የገባው ሰው መኪናውን አስቀድሞ ሸጧል፤ ስለዚህ ለመኪናው ጉዳት አንከፍልም ይላል። መኪናውን ለመጠገን የተገመተው 240,000 ብር ነበር። ደብዳቤውን ደጋግመን አነበብነው፤ የተጻፈብን ሁሉ እውነት ስለ ነበረ የምንመልሰው ቃል አጣን።

በዚህ ስፍራ ታሪካችንን ጥቂት አቁመን የነገሩን ሥር እንመልከት፤ ይህን የማያውቅ ሰው ኢንሹራንሱ በደለን ብሎ ማዘኑ አይቀርምና።

የኢንሹራንስ ሥራ በዓለም የገነነበት ታሪክ ከቡና ጋራ የተያያዘ መሆኑ ለጅማ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1688 ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው በለንደን ከተማ ቡና ቤት ነበረው። በዚያ ጊዜ ለንደን የሚጠጣው ቡና በየመን ወደብ በሞካ በኩል የሚሄድ ነበር፤ የተክሉ ዘር ግን የወጣው ከእኛ ከምዕራብ ደቡብ ኢትዮጵያ ደን ነው። የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች በዚያ ቡና ቤት እየተሰበሰቡ ስለ መርከብ ወሬ ይለዋወጡ፥ መርከብ ብትሰጥምም ጉዳቱን ለመካፈል ይዋዋሉ ነበር። እስከ ዛሬ ሎይድስ እየተባለ የሚጠራው የኢንሹራንስ ገበያ የተወለደው ከዚያ ነው።

ነገር ግን ውሎ አድሮ ክፉ ልማድ ገባ። በመርከቢቱም በጭነቷም ላይ ምንም ድርሻ የሌለው ሰው፥ ብትሰጥም ገንዘብ ላግኝ ብሎ በሌላው ሰው መርከብ ላይ ይዋዋል ጀመር። ይህ ውል ቁማር ሆነ፤ መርከቦች በተንኮል እንዲጠፉም ምክንያት ሆነ። ስለዚህ የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1745 ባወጣው ሕግ በመርከቢቱ ላይ ጥቅም የሌለው ሰው ኢንሹራንስ እንዳይገባ ከለከለ። ከዚህ ወዲህ በንብረት ኢንሹራንስ የታወቀው መሠረት ይህ ነው፤ አንድን ነገር ኢንሹራንስ ማስገባት የሚችል ያ ነገር ቢጠፋ የሚጎዳ ሰው ነው።

በአገራችንም በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር የኢንሹራንስ ኩባንያ እንደራሴ ሆኖ ሲሠራ ነገሩ ተሰማ። በ1943 ዓ.ም. ኢምፔሪያል የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ በአገር ውስጥ ተቋቋመ። ኩባንያዎቹ ሁሉ በመንግሥት እጅ ከገቡ በኋላ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ቆመ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ለግል ባለሀብቶች ተፈቀደ። የውሉ ሕግ ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ተጽፏል። በዚያ ሕግ የንብረት ኢንሹራንስ የደረሰውን ጉዳት መካሻ እንጂ ማትረፊያ አይደለም። ደግሞም ውል የሚገባው ሰው አደጋውን ለመገመት የሚያስፈልገውን ሁሉ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሳያውቅ የተሳሳተውን ሕጉ ለይቶ ያየዋል፤ እያወቀ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ እንደ ሆነ ግን ውሉ ይፈርስበታል። እኛ የተናገርነው እያወቅን ነበር።

እንግዲህ የነገሩን ክፋት ልብ አድርጉ። ኢንሹራንሱ፥ «መኪናው የእርስዎ አይደለም፤ ዋጋውን ተቀብለው ሸጠዋል፤ ስለዚህ ካሳ አይገባዎትም» አለን። ቃሉ ልክ ነው። የተጎዳው ወጣት ወገን ደግሞ፥ «መኪናው የእርስዎ ነው፤ በሊብሬው ላይ ስምዎ አለ፤ ስለዚህ ካሳ ይክፈሉን» አለን። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፥ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ፥ ኀላፊ ነው ይላል። ባለቤት አይደለሁም ብሎ ለመከራከር የሚወድ ሰው ከራሱ ስም ጋራ መሟገት አለበት። ኢንሹራንስ ለወዳጁ መኪና በራሱ ስም የገባ ሰው ትርፉ ይህ ነው፤ የባለቤትን ዕዳ ይወርሳል እንጂ የባለቤትን መብት አያገኝም። ወዳጁም ኢንሹራንስ ያለው እየመሰለው ያለ ኢንሹራንስ ይሄዳል።

ስለ ሦስተኛ ወገን የሚናገረው ግዴታ ግን ሌላ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የተጎዳውን መንገደኛ ለመርዳት የተደነገገ ስለ ሆነ ኢንሹራንሱ ለወጣቱ በአዋጁ መጠን ከፈለ። ይሁን እንጂ መጠኑ የተወሰነ ነው፤ አደጋው በደረሰ ጊዜ በዚያ አዋጅ መሠረት ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ከ40,000 ብር፥ ለንብረት የሚከፈለውም ከ100,000 ብር አይበልጥም ነበር። የባጃጁ ዋጋ 190,000 ብር ተገመተ፤ ስለዚህ 90,000 ብር ቀረ። ለሕክምናውና ሥራ ላጣበት ጊዜ 120,000 ብር ተገመተ፤ ከዚህም 80,000 ብር ቀረ። ሁለቱ ቢደመሩ 170,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከማን ይገኝ?

ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በየካቲት ወር በአጋሮ ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ወዳጃችን ከአደጋው ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ደውሎልን ነበር፤ ወደ ቤታችንም አልመጣም ነበር። ያን ቀን ሲመጣ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። የቡናው ገንዘብ ግማሹ በዱቤ ሰው እጅ ነበር፤ መኪናውም ያለ ጥገና ቆሟል። ተገድዶም ቢሆን የተቻለውን ለማድረግ እንደሚፈልግ ገባን።

ከሽማግሎቹ አንዱ አዛውንት፥ «እርስዎ ለዚህ ሰው ዋስ ነበሩን?» ብለው ጠየቁን። አልነበርንም አልን። እርሳቸውም፥ «ዋስ የሆነ ሰው ዋስ መሆኑን ያውቃል፤ ቀኑንም ልኩንም ተናግሮ ይገባል። እርስዎ ግን ቀን የሌለው፥ ልክ የሌለው ዋስ ሆነዋል፤ መሆንዎንም አላወቁም» አሉን። ቃላቸው እውነት ነው። በቀድሞ ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ሲሄዱ መንገደኛው ሁሉ አይቶ ማን ከማን ጋራ እንደ ታሰረ ያውቅ ነበር። የእኛ ዘመን ቁራኛ በወረቀት ስለ ሆነ፥ የታሰረው ሰው እንኳ መታሰሩን የሚያውቀው ሲጎተት ነው።

ሽማግሎቹ ዕዳውን እኩል እንድንከፍል ፈረዱ፤ 85,000 ብር ወዳጃችን፥ 85,000 ብር እኛ። በሕግ ብንሟገት ከዚህ ባነሰ ወይም በበለጠ እንወጣ እንደ ሆነ አንናገርም። ፍርዱን የተቀበልነው ግን ሦስት ጊዜ የጻፍነው ሐሰት ትዝ ስላለን ነው። ከገንዘቡ ከፊሉ ለታላቂቱ ልጃችን ትምህርት ተብሎ የተቀመጠ ነበር። የቀረውን ባለቤታችን ከእናቷ የወረሰችውን የአንገት ወርቅ ሸጣ ሞላችው። ስትሰጠን፥ «ነግሬዎት ነበር» አላለችንም። ብትለን ኖሮ ይቀለን ነበር።

ወዳጃችንም ድርሻውን በሁለት ዓመት ውስጥ ከፍሎ ጨረሰ። ስመ ሀብቱም በመጨረሻ ተዛወረ። ዛሬ በለቅሶም በሰርግም እንገናኛለን፤ እርሱም ጋሼ ይለናል፤ እኛም ስለ ልጆቹ እንጠይቀዋለን። ነገር ግን እንደ ቀድሞው ሳይጠራ ከቤታችን አይመጣም፤ እኛም ወደ አጋሮ ስናልፍ በበሩ አንቆምም። አንድ ቀን፥ «ጋሼ፥ ያን ጊዜ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ስላሉኝ ዕዳው አላለቀልኝም» አለን። የምንመልስለት አጣን። ገንዘብ ይቆጠራል፤ ሲከፈልም ያልቃል። በሁለት ወዳጆች መካከል የገባ እፍረት ግን በስንት እንደሚያልቅ የሚናገር ሽማግሌ እስካሁን አላገኘንም።

እንግዲህ ከዚህ ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንዘርዝር።

አንደኛ፤ መኪና የሸጠ ሰው ገንዘቡን በተቀበለበት ሳምንት ስመ ሀብቱን ያዛውር። ገዢው የማዛወሪያ ገንዘብ ያነሰው እንደ ሆነ ሻጩ ያበድረው፤ ወይም ከዋጋው ይቀንስለት። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ የምናጣው ገንዘብ ኋላ ከከፈልነው ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር።

ሁለተኛ፤ ኢንሹራንሱ በእውነተኛው ባለቤት ስም ይሁን። ወዳጃችሁ መንገዱን የማያውቅ ከሆነ አብራችሁት ሂዱ፥ ወረቀቱን አንብቡለት፥ አረቦኑንም ቢቸገር ክፈሉለት። በእርሱ ወረቀት ላይ ግን የእናንተ ስም አይግባ። ያለ አደጋ የቆየ ሰው የሚያገኘው ቅናሽ የራሱ የጥንቃቄ ዋጋ ነው እንጂ እንደ ካፖርት ለሌላ የሚዋስ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ሊታለፍ የማይቻል ምክንያት ኖሮ በአንዱ ስም ያለ መኪና በሌላው እጅ የሚውል ከሆነ፥ ሁሉም ነገር ለኢንሹራንሱ በግልጥ ይነገር። ማን እንደሚይዘው፥ ማን እንደሚነዳው፥ ቡና ይጭን እንደ ሆነ፥ በኪራይ ይሠራ እንደ ሆነ ይጻፍ፤ ኢንሹራንሱም የተቀበለውን በጽሑፍ ይስጥ። አረቦኑ ይጨምር ይሆናል። እውነት የተነገረበት ውድ ኢንሹራንስ ሐሰት ከተነገረበት ርካሽ ይሻላል፤ ርካሹ በክፉ ቀን የለምና።

አራተኛ፤ መኪናው ዓመቱን ሙሉ ለግል ሲሠራ ቆይቶ በቡና ጊዜ ብቻ የሚጭን ቢሆን እንኳ ይህ ለውጥ ሳይነገር አይታለፍ። አደጋ በዓመቱ በዛኛው ወር ሳይሆን በዚያው በሦስቱ የቡና ወራት፥ በሌሊትና በጭነት መካከል ሊመጣ ይችላል።

አምስተኛ፤ በቤታችሁ የሚፈረመውን ወረቀት የትዳር ጓደኛችሁ ትየው። በአገራችን ብዙ ጊዜ ባል ይፈርማል፥ ሚስት ትከፍላለች። የምትከፍል ከሆነ አስቀድማ ብትጠየቅ ፍትሕ ነው፤ ጥበብም ነው።

ወዳጅን መርዳት ይቅር ለማለት ይህን አልጻፍንም፤ እንዲህስ የሚል ሰው በዚህ አገር ሊኖር አይገባም። ለወዳጅ ገንዘብ ይሰጣል፥ ጊዜ ይሰጣል፥ ጉልበት ይሰጣል። ስም ግን ከአባት የተቀበሉት፥ ለልጅም የሚያወርሱት ስለ ሆነ በማያዩት መንገድ ላይ እንዲነዳ ለሌላ አይሰጥም። ወዳጃችሁ ይህን እንቢታ ሲሰማ ለአንድ ሳምንት ያኮርፍ ይሆናል። እኛም ያን ጊዜ እንቢ ብንል ኖሮ ለአንድ ሳምንት ያኮርፈን ነበር፤ ዛሬ ግን ወዳጃችን ነበር።

ያ ወጣት ዛሬ ጥቂት እያነከሰ ይሄዳል። ባጃጅ መንዳት ስላልተመቸው በጅማ ከተማ በአንድ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንሄድ በፊቱ እናልፋለን። ባየን ቁጥር ከበርጩማው ተነሥቶ በአክብሮት እጅ ይነሣናል። «ተቀመጥ ልጄ፥ ስለ እኛ አትነሣ» እንለዋለን፤ እርሱ ግን እሺ አይልም። አንባቢዎቻችን ለወዳጅ ፈርሙልኝ ሲባሉ ይህን ወጣት ያስታውሱት ዘንድ እንለምናለን።